ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን እንጉዳይ ከመብላታችሁ በፊት

ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ሁለት ሦስት ቀን ሲዘንብ ሰንብቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ስልኬ በእንጉዳይ ፎቶ ይሞላል። ከፎቶው ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ «ይሄ ይበላል?» ፎቶው ከላይ የተነሳ ነው። ቆቡ ይታያል፣ ሌላ ምንም አይታይም። ከእንዲህ ዓይነት ፎቶ ተነስቶ «አዎ፣ ብላው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የቱንም ያህል አዋቂ ነው ቢባል አትስሙት። የስልክ አፕም ያው ነው። ስም ለመገመት ይረዳ ይሆናል፣ ለመብላት ግን አይበቃም።

እኔ እንጉዳይ በጣም እወዳለሁ። ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ውጭ ዝናቡ እየወረደ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ እንጉዳይ ከትኩስ እንጀራ ጋር ሲቀርብ ከዚያ የሚበልጥብኝ ምግብ የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው «አትንኩት» ለማለት አይደለም። እንዴት እንደሚለይ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ ደግሞ ጥሎ መሄድ እንደሚሻል ላሳያችሁ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። እንጉዳይ የማወቅ ችሎታ የቦታ ነው። ጅማ ዙሪያ ጥርሱን የነቀለ ለቃሚ ሜሪላንድ ሲደርስ ጀማሪ ነው። ብዙ አደጋ የሚደርሰው ምንም በማያውቁ ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ በአገራቸው በደንብ የሚያውቁ ሰዎችም በሰው አገር ይሳሳታሉ።

ጥያቄውን ቀይሩት

«መርዝ አለው ወይስ የለውም?» ለሚለው ጥያቄ መለኪያ የለም። መርዝ ያለበትን ሁሉ የሚያጋልጥ ቀለም የለም፣ ሽታ የለም፣ ጣዕምም የለም። መጠየቅ ያለበት «ይሄ የትኛው እንጉዳይ ነው?» ነው። ማንነቱን በእርግጠኝነት ካወቃችሁ፣ መበላት አለመበላቱ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ካላወቃችሁ አይበላም፣ በቃ።

ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማቸው መፈተኛዎች አሉ። አንድ በአንድ እንጣላቸው።

የብር ማንኪያ ወይም ነጭ ሽንኩርት አብሮ ተቀቅሎ ከጠቆረ መርዝ አለበት ይባላል። ስህተት ነው። ገዳዩ እንጉዳይ ማንኪያም ሽንኩርትም አያጠቁርም። ትል ወይም ቀንድ አውጣ ከበላው ለሰውም ይሆናል ይባላል። ሰው የሚገድለውን እንጉዳይ ቀንድ አውጣ ይበላዋል፣ ምንም አይሆንም። ደማቁ ነው መርዛማ፣ ነጩ ደህና ነው ይባላል። ይሄማ ሰው ፈጅቷል፤ ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ ከላይ እስከ ታች ንጹህ ነጭ ናቸው። ቆዳው በቀላሉ ከተላጠ ይበላል ይባላል፤ የገዳዩም ይላጣል። እንጨት ላይ የበቀለ ሁሉ ደህና ነው ይባላል። ጋለሪና የምትባል ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ የምትበቅለው በበሰበሰ እንጨት ላይ ነው፣ መርዟም ከትልቁ ገዳይ፣ አማኒታ ከሚባለው፣ ጋር አንድ ነው።

ከሁሉም የከፋው «ደህና አድርጎ ከተቀቀለ ይወጣለታል» የሚለው ነው። የእነዚህ ገዳዮች መርዝ፣ አማቶክሲን የሚባለው፣ በእሳት አይጠፋም። ብትቀቅሉት፣ ብታደርቁት፣ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት እዚያው አለ። ትንሽ ቀምሶ መጠበቅም አይሠራም፣ ምክንያቱም ይህ መርዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በፊት ምንም ምልክት አያሳይም። በልተው የተረፉ ሰዎች ሲናገሩ ደግሞ ጣዕሙ ጥሩ ነበር ይላሉ።

አትቁረጡት፣ ቆፍሩት

ለለቀማ ስትወጡ ቢላና ቅርጫት ያዙ። ቅርጫት ከሌለ የወረቀት ከረጢት ይሁን። ፌስታል አይሆንም፤ እንጉዳዩ ውስጡ ያልበዋል፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ቤት ስትደርሱ መለያ ምልክቶቹ ሁሉ ተደባልቀው ታገኙታላችሁ። የተለያዩ ዓይነቶችን አንድ ላይ አትቀላቅሉ። በጋዜጣ ለየብቻ ጠቅልሏቸው።

እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ። ከአፈር ነው የወጣው ወይስ ከእንጨት? ከእበት ላይ ነው? ኩይሳ አጠገብ አለ? ከላዩ ያለው ዛፍ ምንድን ነው? መሬት ላይ የበቀለ የመሰላችሁ ነገር አንዳንዴ ከተቀበረ ሥር ላይ የወጣ ይሆናል፣ ጫር ጫር አድርጋችሁ አረጋግጡ። ይህን ሁሉ ቤት ከገባችሁ በኋላ ማስታወስ ይከብዳል፣ ስለዚህ እዚያው ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር።

ከዚያ በኋላ ነው ቢላው የሚመጣው። ብዙ ሰው እግሩን በመሬቱ ልክ ቀጭ አድርጎ ይቆርጥና ይሄዳል። ሕይወት የሚያድነው ምልክት ግን መሬት ውስጥ ነው ያለው። ቢላውን ከጎን አስገቡና አፈሩን ፈልፍላችሁ፣ እንጉዳዩን ከነሥሩ ብድግ አድርጉት። አፈሩን በጣታችሁ በቀስታ አራግፉ። የእግሩ ግርጌ በነጭ ስስ ከረጢት ውስጥ ቆሟል? ወይም ግርጌው አብጦ የተቀዳደደ ልባስ ዙሪያውን ይዞታል? እንዲህ ከሆነ አማኒታ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላልና እዚያው ተዉት። በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የሚገድለው ይህ ወገን ነው። ከወገኑ ውስጥ የሚበሉ አሉ፣ ግን ለጀማሪ አይመከሩም፤ እኔ በበኩሌ ለማንም አልመክርም።

ቀጥሎ እግሩ ላይ ቀለበት አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ቀለበት ማለት እንጉዳዩ ጨቅላ ሳለ ቆቡን ከሥር ሸፍኖ የነበረው ስስ ሽፋን ሲቀደድ እግሩ ላይ የሚቀረው ነው። ቀለበት መኖሩ ብቻውን መርዛማ አያደርገውም። ገበያ ላይ የምናውቀው ነጩ እንጉዳይም ቀለበት አለው። አለመኖሩም ደህና አያደርገውም። ኃይለኛ ዝናብ ቀለበቱን ሊያረግፈው ይችላል።

ቆቡን ገልብጡት። ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ነገሮች ታያላችሁ። ገጾች እላቸዋለሁ። ቀለማቸው ምንድን ነው? እግሩን ይነካሉ ወይስ ሳይነኩት ቀርተዋል? ገጽ ከሌለው ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት? ነጭ ገጽ፣ ቀለበት፣ ከታች ከረጢት። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ምንም አትመራመሩ፣ ጥላችሁ ሂዱ። እጃችሁንም ታጠቡ። መንካቱ አይመርዝም፣ ግን ከዚያ በኋላ ምግብ ስለምትነኩ ነው።

ክብ፣ ኳስ የሚመስል፣ ገና ያልተከፈተ ነገር ካገኛችሁ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነጭ፣ ጠንከር ያለ ከሆነ የሚበላው የኳስ እንጉዳይ ሊሆን ይችላል። ውስጡ የትንሽ እንጉዳይ ቅርጽ፣ ማለትም የቆብና የእግር መስመር ከታየበት ግን ገና ያልተፈለፈለ አማኒታ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሆድ የሚያውክ ዓይነት ነው። ሳይሰነጠቅ የሚበላ ኳስ የለም፣ አንዱ ደህና ስለሆነ ሌላውም ደህና ነው አይባልም። እያንዳንዱ ይሰንጠቅ።

ብናኙን ወረቀት ላይ አሳድሩት

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ግን ይህን ያህል ቀላልና ጠቃሚ የለም። እንጉዳይ ዘር የለውም፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው የሚበትነው። አንድ ላይ ሲጠራቀም ግን ቀለሙ ይታያል።

እግሩን ከቆቡ ሥር ቁረጡት። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ቆቡን ገጾቹን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሁለት ዓይነት ቀለም ያስፈለገው ነጭ ብናኝ በነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። ከላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ ነፋስ እንዳይነካው ብርጭቆ ድፉበት። ማታ አስቀምጣችሁ ጠዋት ቀስ ብላችሁ ስታነሱት የገጾቹ መስመር አንድም ሳይጎድል በብናኝ ተስሎ ታገኙታላችሁ። በጣም ነው የሚያምረው። ልጆች ካሉ አሳዩአቸው።

አሁን ቀለሙን አንብቡ። አማኒታና ሌፒዮታ የሚባሉት ገዳይ ያለባቸው ወገኖች ነጭ ያትማሉ። የገበያው ነጭ እንጉዳይ ወገን የቸኮሌት ቡናማ ያትማል። የምስጥ እንጉዳይ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ማለትም ሮዝ። ጋለሪና የዝገት ቀለም። አረንጓዴ ካተመ ደግሞ ስሙን ወዲያው ታውቃላችሁ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። ብናኝ ብቻውን «ብላ» አይልም። ሐምራዊ የሚያትሙ መርዛማዎችም አሉ። ሥራው «ነው» ያላችሁት እንጉዳይ እንዳልሆነ ማጋለጥ ነው፤ የገበያው ዓይነት ነው ብላችሁ ያመጣችሁት ነጭ ካተመ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

የምስጥ እንጉዳይ

በአገራችን ለመማር ጥሩው መነሻ ይሄ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፣ በጉሙዝ፣ በማጃንግ፣ በካፋ አካባቢ፣ ሰው ከኩይሳ ላይ እየለቀመ ለትውልድ ሲበላው ኖሯል። ቴርሚቶማይሰስ ይባላል በሳይንስ ስሙ። ብዙ ዓይነት አለው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ከማይበልጠው ጀምሮ ሁለት እጅ እስከሚሞላው።

ታሪኩ ይገርማል። ምስጦቹ ደረቅ እንጨትና ሣር አኝከው ጎጆአቸው ውስጥ ይከምራሉ፣ ክምሩ ላይ እንጉዳዩን ያለማሉ፣ እሱ እንጨቱን ሲያለሰልስላቸው ይመገቡታል። ዝናብ ሲወርድ እንጉዳዩ ከዚያ ጥልቀት ተነስቶ፣ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ስለዚህ ነው በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር የሚገኘው። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ለማንም አይነግርም፣ እኔም አልፈርድበትም።

ምልክቱ ከዚሁ ታሪክ ይመጣል። ጣታችሁን በእግሩ ዙሪያ ወደ አፈሩ ስታስገቡ እግሩ አያልቅም። እየቀጠነ፣ እየጠቆረ፣ እንደ ሥር ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዱ ክንድ ያህል ይሄዳል። ብትከተሉት መጨረሻው ምስጡ ከሠራው ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ቡናማና ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ክምር ላይ ነው። ክምሩ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ኳሶች ተዘርተውበታል። ከዚያ ቆቡን እዩ። መሃሉ ላይ ሾጠጥ ያለ ጠንካራ ጫፍ አለው፣ በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ይገፋችኋል። አፈሩን ሰንጥቆ የወጣው በሱ ነው። ገጾቹ ነጭ ሆነው ጀምረው ወደ ሐምራዊ ይሄዳሉ፣ ከታች ከረጢት የለም። ሥሩ፣ ጫፉ፣ የብናኙ ቀለም፣ የከረጢት አለመኖር፣ ምስጡ። እነዚህ በሙሉ ሲገጥሙ ነው የምስጥ እንጉዳይ የምትሉት። ኩይሳ ላይ መብቀሉ ብቻ አይበቃም። ኩይሳ ላይ የሚወጡ ሌሎችም አሉ፤ ለምሳሌ ፖዳክሲስ የሚባለው ቆቡ የማይከፈት፣ ሲያረጅ ውስጡ ጥቁር ዱቄት የሚሆን።

ጥቃቅኑ ዓይነት፣ በመቶዎች ሆኖ መሬቱን ነጭ የሚያለብሰው፣ ያ ረጅም ሥር አይታይበትም። ትንንሽ ነጫጭ እንጉዳዮች ደግሞ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም አደገኛ። እሱን የአካባቢው ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ካላሳያችሁ አትልቀሙ።

ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፣ አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። «እማማ፣ ይሄ ይበላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው መልሱ። «እማማ፣ እርስዎ ይሄን ምኑን አይተው ነው የሚለዩት? የሚመስለው መጥፎስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛው ትምህርት ያለው ከዚህ መልስ ውስጥ ነው፣ በተለይ ለቅመው ካመጡት ውስጥ የትኛውን እየመረጡ እንደሚጥሉ ቁጭ ብላችሁ ካያችሁ።

የምስጥ እንጉዳይን የሚመስለው መጥፎ መንትያ ስሙ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ ነው። በአፍሪካም በአሜሪካም፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት በግጦሽ መሬትና በግቢ ሣር ላይ ይወጣል። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ነጭ ቆቡ ላይ ቡናማ ቅርፊት አለው፣ እግሩ ላይ ያለው ቀለበት በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ቅርፊት ያለውን የምስጥ እንጉዳይ ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ ከታች ነው፤ የዚህኛው እግር እንደ ሥር ወደ ምስጥ ጎጆ አይወርድም፣ ግርጌው አበጥ ብሎ እዚያው ያልቃል። ገጾቹ ጨቅላ ሳለ ነጭ ናቸው፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይላሉ። ብናኙ ግን አረንጓዴ ነው፣ ይህ በእንጉዳይ ዓለም በጣም ብርቅ ነገር ነው። አይገድልም ይባላል በአብዛኛው፣ ግን ከበሉት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያመጣው ትውከትና ተቅማጥ ሕፃንና አዛውንትን ሐኪም ቤት ያደርሳል። ገና ያልተከፈተውን ጨቅላ ለቅማችሁ ገጹ ነጭ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ባሕር ከተሻገራችሁ በኋላ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት።

እንጉዳይ የሚያለሙት ምስጦች የሚኖሩት በአፍሪካና በእስያ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሉም። እነሱ በሌሉበት የምስጥ እንጉዳይ የለም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ «የኛን አገር እንጉዳይ አገኘሁ» የሚል ሰው ያገኘው ሌላ ነገር ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ነጭ የሆነ፣ ረጅም፣ ሲያዩት ንጹህ የሚመስል አማኒታ በብዛት ይበቅላል። ገዳይ ነው። ጥሩ ዓይን ያለው፣ አገር ቤት ነጩን ከኩይሳ ሥር ሲለቅም ያደገ ሰው ነው ይበልጥ የሚያሰጋኝ፣ ምክንያቱም እጁ ቀድሞ ይሄዳል።

ሌላው ዴዝ ካፕ የሚባለው አማኒታ ፋሎይደስ ነው። ቆቡ የወይራ ፍሬ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚል፣ አንዳንዴም ነጣ ያለ። ገጹ ነጭ፣ ቀለበት አለው፣ ከታች ከረጢት አለው። አብዛኛውን ጊዜ በኦክ ዛፍ ሥር ነው። የአውሮፓ ተወላጅ ነው፣ ከዛፍ ችግኝ ጋር ተጉዞ ካሊፎርኒያ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። እስራኤልም ውስጥ በኦክ ዛፎች ሥር ይገኛል።

በፈረንጆቹ 2015 መጸው፣ ብዙ ስደተኛ ጀርመን በገባበት ጊዜ፣ ሃኖቨር ያለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚህ እንጉዳይ የተመረዙ ስደተኞችን ተቀበለ። ብዙዎቹ ሶርያውያን ነበሩ። በአገራቸው የሚያውቁትን የሚበላ ዓይነት ስለመሰላቸው ነው የለቀሙት። ሆስፒታሉ በዓረብኛና በኩርድኛ ጭምር ማስጠንቀቂያ አሳትሞ እስከ መለጠፍ ደረሰ። በፈረንጆቹ 2016 ዲሴምበር ወር፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ 14 ሰው በዚሁ እንጉዳይ ታመመ፣ 3ቱ ጉበት ተቀይሮላቸው ነው የተረፉት። ከታመሙት መሃል የ18 ወር ሕፃን ነበረች። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ያወቁት ሌላ መሬት ላይ ነበር።

ባላችሁበት አገር ከመጀመሪያው ተማሩ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የእንጉዳይ ወዳጆች ማኅበር አለ፣ በሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞችም እንዲሁ፣ ሰው ሰብስበው ጫካ ይወጣሉ፣ ያመጣችሁትን አይተው ይነግሯችኋል። ስዊዘርላንድ ያላችሁ በየአካባቢው የለቀማችሁትን የሚመረምር የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ጋ መሄድ ትችላላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ እንጉዳይ ይዞ ለፋርማሲስት ማሳየት የቆየ ልማድ ነው።

ልብላው ወይስ ልጣለው?

ውሳኔው ቀላል መሆን አለበት። ማንነቱን ሳትጠራጠሩ መናገር ትችላላችሁ? የሚመስሉትን መርዛማዎች በስም ታውቃላችሁ፣ ከነሱ በምን እንደሚለይም? ምልክቶቹ ሁሉ ገጥመዋል፣ ብናኙን ጨምሮ? በዚያው አገር የሚያውቅ ሰው በእጁ ይዞ አይቶታል? ለአንዱ እንኳ «መሰለኝ» ካላችሁ ጣሉት። ጥሩ እንጉዳይ መጣል ያናድዳል፣ አውቃለሁ። የሚከፈለው ግን ያ ብቻ ነው።

ትክክለኛው ዓይነት ቢሆንም ያረጀ፣ የላሸቀ፣ የሚሸት ከሆነ አይበላም። ከመኪና መንገድ ዳር፣ ከፋብሪካ አጠገብ፣ ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ አትልቀሙ፤ እንጉዳይ ከአፈሩ የሚያገኘውን ብረትና ኬሚካል ይሰበስባል። ከዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅለው ብርቱካናማና ቢጫ፣ ተደራርቦ የሚወጣው፣ ከሥሩ ገጽ ሳይሆን ቀዳዳ ያለው ላቲፖረስ በደቡብ ምዕራብ ይበላል፣ ጣፋጭም ነው። ጨቅላውን ብቻ ልቀሙ፣ ደህና አድርጋችሁ አብስሉት። ከባሕር ዛፍ ላይ ከሆነ ግን ተዉት፣ ሆድ ያውካል ስለሚባል።

የዱር እንጉዳይ ጥሬውን አይበላም። በደንብ ይብሰል። አዲስ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበሉ ጥቂት፣ ለብቻው፣ ከሌላ እንጉዳይ ጋር ሳትቀላቅሉ ብሉ፤ ትክክለኛው እንጉዳይም የማይስማማው ሰው አለ። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር የዱር እንጉዳይ አትስጡ። ከጠላም ከጠጅም ከአረቄም ጋር አታድርጉት። ሲያረጅ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ አንድ እንጉዳይ አለ፣ በጓሮ አፈርና በተቀበረ እንጨት ላይ የሚወጣ፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ፊት የሚያቀላ፣ ልብ የሚያስመታ፣ የሚያስመልስ። ከበሉት በኋላ ባሉት ቀናት ቢጠጣም ያው ነው።

ከመጥበሳችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሙሉ እንጉዳይ፣ ሳይታጠብ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀሩ። ለሁለት ሦስት ቀን ይቆይ።

ከበሉ በኋላ ሰው ከታመመ

ሰዓቱ ብዙ ነገር ይናገራል። በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ የጀመረ ትውከት ብዙ ጊዜ ሆድ ብቻ የሚያውክ ዓይነት ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ፣ የጀመረ ትውከትና እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ግን አማቶክሲንን ያስጠረጥራል፣ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። ሁለት ዓይነት አብሮ ከተበላ ደግሞ ቶሎ የጀመረው ሕመም የዘገየውን ሊሸፍነው ስለሚችል፣ በሁሉም ሁኔታ ሐኪም ይየው።

አሁን የምለውን አስምሩበት። በአማቶክሲን የተመረዘ ሰው ከአንድ ቀን በኋላ የተሻለው ይመስላል። ትውከቱ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡም «ተመስገን አለፈለት» ይላል። ጉበቱ ግን በዚያው ሰዓት እየተጎዳ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ሰውነቱ ሲደማ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ዘግይቷል። ተሻለኝ ብሎ ከሐኪም ቤት የሚወጣ ሰው ካለ ያዙት፣ አትልቀቁት። ኩላሊት የሚያጠቃ ሌላ ዓይነትም አለ፣ እሱ ምልክቱን ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ያሳያል። ስለዚህ ቆየት ብላችሁ ብትታመሙም እንጉዳይ መብላታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

ወተት፣ ዘይት፣ ፌጦ፣ አረቄ ሰጥቶ ቤት ውስጥ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። መድኃኒቱ ሐኪም ቤት ነው ያለው፣ ቶሎ በደረሰ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። አብሮ የበላ ሁሉ አብሮ ይሂድ፣ ያልታመመውም ጭምር፤ ያልታመመው ገና ሰዓቱ አልደረሰ ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ። ሰው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ እንደበላችሁ ነው። «ሁለት ሰዓት ላይ» ብትሉት የኛ ሁለት ሰዓትና የእሱ ሁለት ሰዓት ይለያያሉ፤ «ከበላን አሥር ሰዓት ሆኖናል» በሉት። ፍሪጅ ያስቀራችሁትን እንጉዳይ ይዛችሁ ሂዱ። ካላስቀራችሁ የተረፈውን ወጥ፣ ከቆሻሻ መጣያ ያለውን ልጣጭ፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን ፎቶ። እሱም ከሌለ ያስመለሰውን በንጹህ ዕቃ፣ ክዳን አድርጋችሁ።